አሥራ ስድስተኛው ጥሪ

እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያ 7 ዶላር በጀት መድቦ አንድ ሙከራ ጀመረ። ሙከራው ሲያበቃ የመጣው ሂሳብ 72 ሺህ ዶላር ነበር። የሰረቀ የለም፤ የይለፍ ቃል የገመተ የለም፤ ከውጭ ሰብሮ የገባም የለም። ፕሮግራሙ ራሱን ጠራ፣ የተጠራው ደግሞ መልሶ ራሱን ጠራ፣ በቃ።

መሥራቹ ታሪኩን ኋላ ራሱ ጽፎ አስነብቦታል። የሠሩት ድረ ገጾችን እያነበበ መረጃ የሚለቅም ፕሮግራም ነው። አንድ ገጽ ላይ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ሲያገኝ ለዚያኛው ገጽ አዲስ ሥራ ያዛል። ሁለተኛው ገጽ ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ሊንክ ካለውስ? ይመለሳል። ከዚያ እንደገና ይሄዳል። “ይህንን ገጽ ቀድሜ አይቼዋለሁ” ብሎ የሚያቆም አንድ መስመር ኮዱ ውስጥ አልነበረም። ሰዎቹ ተኝተው ሲነሱ በጎግል ክላውድ ላይ ያለው የመረጃ ቋታቸው ከ100 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ተነቧል። ጎግል በመጨረሻ ሂሳቡን ማራቸው። ባይምራቸው ኖሮ ዛሬ ታሪኩን የሚያወራ ኩባንያ ላይኖር ይችል ነበር።

እዚህ አገር ያለ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። 7 ዶላሩ ሲያልቅ ለምን አልቆመም?

የሞባይል ካርድ ሲያልቅ ወሬው መሃል ላይ ይቋረጣል። የካርድ ቆጣሪ የገባለት ቤት ካርዱ ካለቀ መብራቱ ይጠፋል፤ እንጀራው ምጣዱ ላይ ቢሆንም ይጠፋል። ያናድዳል። ግን ማንም ሰው በካርድ ቆጣሪ ምክንያት ጠዋት ተነስቶ የአንድ ዓመት ደመወዝ ዕዳ አላገኘም። ክላውድ ላይ “በጀት” የሚባለው ነገር እንዲህ ያለ ካርድ አይደለም። ገንዘቡ ሲያልፍ ኢሜይል የሚልክ ደወል ነው። ደወሉም ቢሆን ይዘገያል። በአማዞን ዌብ ሰርቪስስ የበጀት መረጃው የሚታደሰው በቀን ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው፤ በአንዱና በሌላው መካከል ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያልፋል። በ8 ሰዓት ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ስንት ጊዜ ራሱን ሊጠራ እንደሚችል ማሰብ ነው።

ሰርቨርለስ የሚባለው አሠራር ከስሙ ይጀምራል ማታለሉ። ሰርቨሩ አለ፤ የአማዞን ነው፤ ተጠቃሚው አያየውም፣ አይጠግነውም፣ ሥራ በሌለ ጊዜም አይከፍልበትም። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2014 ላምዳ የተባለውን አገልግሎት ሲያስተዋውቅ ሐሳቡ ይህ ነበር። ባለሙያው ፈንክሽን የምትባል ትንሽ ኮድ ጽፎ ያስቀምጣል። ፈንክሽኗ ተኝታ ትቆያለች። አንድ ነገር ሲከሰት፣ ለምሳሌ ፎቶ ሲጫን ወይም ወረፋ ውስጥ መልእክት ሲገባ፣ ትነቃለች፤ ሥራዋን ሠርታ ትተኛለች። ዋጋው ለሰሚው ነጻ ነው የሚያሰኝ ነው። ለአንድ ሚሊዮን ጥሪ 0.20 ዶላር፤ በዚያ ላይ በተጠቀመችው ሜሞሪና ሰከንድ ልክ ትንሽ ጭማሪ። አቅም ለሌለው ጀማሪ ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ ያለው “አንድ ነገር ሲከሰት” የሚለው ላይ ነው። የተከሰተው ነገር ፈንክሽኗ ራሷ የሠራችው ከሆነስ?

መርካቶ ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ ድረ ገጽ አሠራ እንበል። የጫማው ፎቶ ኤስ 3 ወደሚባለው የአማዞን ማከማቻ ይጫናል። ፎቶ በተጫነ ቁጥር ፈንክሽኗ ትነቃና ሁለት ቅጂ ታወጣለች፤ አንዱን ለስልክ የሚሆን ትንሽ፣ ሌላውን መካከለኛ። ጥሩ። የት ታስቀምጣቸው? ሠሪው ልጅ ቸኩሎ እዚያው ማከማቻ ውስጥ አላት። ሁለቱ ቅጂዎች እዚያ ሲገቡ ደግሞ “ፎቶ ተጫነ” ተብሎ ይቆጠራል። ፈንክሽኗ ሁለት ጊዜ ትነቃለች፣ አራት ቅጂ ታወጣለች። ከዚያ ስምንት። ከዚያ አሥራ ስድስት። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ፣ በአሥረኛው ዙር 1,024 ይደርሳል። አንድ የጫማ ፎቶ፣ አሥር ሰከንድ።

እዚያ ላይ ጣሪያ አለ። በመደበኛው ገደብ አንድ አካውንት በአንድ ክልል ውስጥ በአንድ ጊዜ ማሠራት የሚችለው 1,000 ያህል ነው፤ አዲስ አካውንት ከዚያም ዝቅ ብሎ ሊጀምር ይችላል። ግን ጣሪያው ፍጥነቱን ይገድባል እንጂ አያቆመውም። አንዷ ፈንክሽን 1 ጊጋባይት ሜሞሪ የምትጠቀም ከሆነ፣ 1,000ዎቹ ሳያርፉ ሲሠሩ በሰዓት 60 ዶላር ገደማ ይበላሉ፤ በቀን ከ1,450 ዶላር ያልፋል። የማከማቻው የራሱ ክፍያ ገና አልተቆጠረም። ነጋዴው ግን ምንም አያይም። ድረ ገጹ ይሠራል፤ ፎቶው አምሮ ወጥቷል።

ይህ ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት በባንክ ሲሰላ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ያው የአንድ ቀን ስሕተት ቀድሞ 82 ሺህ ብር፣ ከዚያ በኋላ 145 ሺህ ብርና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ኮዱ ላይ የተለወጠ ፊደል ሳይኖር። በዚያ ላይ ልጁ አካውንቱን የከፈተው ዋሽንግተን ባለች አክስቱ ካርድ ቢሆንስ? እዚህ ዓለም አቀፍ ካርድ ለማግኘት ያለውን ውጣ ውረድ የሚያውቅ አይገረምም። አክስትየዋ ክላውድ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ “የ5 ዶላር ነገር ናት” ተብላ ነው ቁጥሩን የሰጠችው። ባንኳ ሲደውልላት ለማን ምን ብላ ታስረዳለች?

ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንዲህ ዓይነት ሂሳብ ብዙ ጊዜ ይምራሉ ይባላል። 72 ሺህ ዶላሩም ተምሯል። ምሕረት ግን መብት አይደለም። እንግሊዝኛው የሚቀናው፣ የቴክኒክ ማስረጃ አሰናድቶ ማቅረብ የሚችል፣ ታሪኩን ጽፎ ዓለም የሚያነብለት ሰው የሚያገኘው ምሕረት ሌላው ሁሉ የሚያገኘው አይደለም።

ላምዳ ከተዋወቀ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023፣ አማዞን ፍሬን አስገባለት። እስከዚያ ድረስ የነበረው ምክር ነበር። መመሪያው “ፈንክሽንህ የምትነሳበትና የምትጽፍበት ቦታ አንድ አይሁን” ይል ነበር፤ ምክሩ ትክክል ነው፣ ዛሬም ትክክል ነው። የመርካቶው ልጅ ለቅጂዎቹ ሌላ ማከማቻ ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ወሬ አይኖርም ነበር። ነገር ግን ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መመሪያ የሚያነብ ሰው የለም።

ፍሬኑ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው መሆን በቂ ነው። አንድ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ወደ ፋይናንስ ይመራል። ፋይናንስ ወደ ግዥ ይመራዋል። ግዥ “አስተያየት ይሰጥበት” ብሎ ወደ ፋይናንስ ይመልሰዋል። ፋይናንስ እንደገና ወደ ግዥ። ሁሉም የየራሱን ሥራ በደንብ እየሠራ ነው፤ ዙሩን የሚያየው ግን አንድም ሰው የለም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጠረጴዛ የሚያየው ፊቱ ያለውን ወረቀት ብቻ ነው። አሁን አንድ ደንብ ይውጣ። ደብዳቤው በሄደበት ሁሉ ጀርባው ላይ ማኅተም ይመታበት፤ የአንድ ክፍል ማኅተም አሥራ ስድስት ከደረሰ ያ ክፍል አይቀበለው፣ አለቃ ይጠራ። ላምዳ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፈንክሽኗ መልእክት በላከች ቁጥር ከመልእክቱ ጋር የማይታይ ምልክት አብሮ ይሄዳል። ያ መልእክት ዞሮ ፈንክሽኗን ሲቀሰቅስ ቁጥሩ ይጨምራል። በአንድ ሰንሰለት ውስጥ 16 ጊዜ ያህል ከተጠራች ቀጣዩ ጥሪ ይቆማል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ እያንዳንዱን የመረጃ ጥቅል ቁጥር አስይዞ ነው የሚልከው፤ በየጣቢያው ሲያልፍ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ዜሮ ሲሆን ጥቅሉ ይጣላል። ይህ ባይኖር ኖሮ መንገድ የጠፋቸው ጥቅሎች መስመሩን ዘግተው እስከ ዛሬ ይዞሩ ነበር። የመረብ መሐንዲሶች ከ40 ዓመት በፊት የፈቱት ችግር ክላውድ ላይ እንደገና ተወልዶ እንደገና መፈታት ነበረበት።

የሚመሰገነው ነገር ፍሬኑ ከመጀመሪያው ተይዞ መምጣቱ ነው። ማንም ሰው “አብራልኝ” ብሎ አይጠይቅም። ሳያውቁት ይጠብቃል። የአክስትየዋን ካርድ ሊያድን የሚችለውም ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፍሬን የሚያስፈልገው ሰው ፍሬን እንደሚያስፈልገው የማያውቀው ሰው ነው።

ሆኖም አሥራ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥር ደግሞ ሲባዛ ያስደነግጣል። የጫማው ፎቶ ሁለት ሁለት እየወለደ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ 16 ላይ ቢቆም፣ ጠቅላላው ጥሪ 65,535 ይሆናል። በላይኛው ስሌት 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም አካባቢ ነው፤ ይሁን። ልጁ ግን ሦስተኛ መጠን ቢጨምርስ? ሁለቱ ቅጂ ሦስት ሲሆን ያው 16 ዙር ከ21 ሚሊዮን ጥሪ በላይ ይወጣዋል፤ ሂሳቡም 360 ዶላር ይሻገራል። ፍሬኑ በትክክል ሠርቶ፣ በ16ኛው ቆሞ፣ 360 ዶላር። ፍሬኑ የሚቆጥረው የሰንሰለቱን ርዝመት ነው፤ ስንት ሰንሰለት ጎን ለጎን እንዳለ አይቆጥርም። ስለዚህ አንድ ክስተት ብዙ ክስተት የሚወልድበት ሥራ ያለው ሰው ለፈንክሽኗ የራሷን ጣሪያ ሊያበጅላት ይገባል። ከ1,000ው ላይ አሥር ብቻ ተብሎ ከተመደበላት ያ 21 ሚሊዮን ጥሪ የሰዓታት መሆኑ ቀርቶ የሳምንታት ሥራ ይሆናል፤ በመሃል ሰው ይደርሳል። የደረሰው ሰው ደግሞ ቁጥሩን ዜሮ ያደርገዋል፤ ያኔ ሁሉም ጸጥ ይላል።

የማያያቸው መንገዶችም አሉ። በ2023 ሲጀመር የሚያየው ፈንክሽኖች እርስ በርስ ሲጠራሩና ኤስኪውኤስ በተባለው ወረፋ ወይም ኤስኤንኤስ በተባለው የማሳወቂያ አገልግሎት በኩል ሲዞሩ ነበር። ያ የፎቶ ምሳሌ፣ ሁሉም መምህር ለተማሪው የሚነግረው ምሳሌ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ድረስ ከፍሬኑ ውጪ ነበር፤ የኤስ 3 ጥበቃ የመጣው ያኔ ነው። ዳይናሞዲቢ የሚባለው የመረጃ ቋት በዙሩ ውስጥ ካለበት ደግሞ ላምዳ ዙሩን አይለየውም። ፈንክሽኗ ሠንጠረዥ ላይ ትጽፋለች፣ ሠንጠረዡ ተለወጥኩ ይላል፣ ፈንክሽኗ ትነቃለች፣ ትጽፋለች። እዚህ ማኅተም የሚመታ የለም። መልእክቱ ከአማዞን ግቢ ወጥቶ በሌላ ኩባንያ በኩል ዞሮ ቢመለስም ያው ነው። ኮዱ የተጻፈበት የአማዞን መሣሪያ አሮጌ ከሆነም ምልክቱ አብሮ አይጓዝም።

ሲቆምስ ማን ያውቃል? አማዞን በአገልግሎት ጤና ገጹ ላይ ያሳውቃል፤ ማሳወቂያው እስኪታይ ግን እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ኢሜይልም ይልካል፤ ለአንድ ፈንክሽን በ24 ሰዓት ቢበዛ አንድ። ኢሜይሉ የሚሄደው አካውንቱ ወደተከፈተበት አድራሻ ነው፤ ማለትም ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ ወደለቀቀው ልጅ ሊሆን ይችላል። ፈጥኖ የሚናገረው ክላውድዋች ላይ ያለው “ሪከርሲቭ ኢንቮኬሽንስ ድሮፕድ” የተባለው ቆጣሪ ነው። እሱ ላይ ማንቂያ መትከል ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር አንድ ነገር ብቻ ለመሥራት ጊዜ ያለው ሰው ያንን ይሥራ።

አሁን ወደ መቀያየሪያው። ፍሬኑ ሥራ የሚያበላሽበት ጊዜ አለ፤ ይህም ሐቅ ነው። ላምዳ ላይ አንድ ጥሪ ከ15 ደቂቃ በላይ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ትልቅ ፋይል ያለው ሰው ፈንክሽኗ ጥቂቱን ሠርታ ቀሪውን ለራሷ እንድትልክ ያደርጋል። ሆን ተብሎ የተሠራ ዙር ነው። ፋይሉ 40 ቁራጭ ካለው ፍሬኑ በ16ኛው ይይዘዋል፤ ቀሪው 24 ሳይሠራ ይቀራል። ፋይሉ የደመወዝ ዝርዝር ቢሆን ግማሹ ሠራተኛ ተከፍሎት ግማሹ ሳይከፈለው ወሩ ይገባል። የቆመው መልእክት የሚያርፍበት ወረፋ ቀድሞ ካልተዘጋጀለት የት እንደቆመ ማወቁም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። (ማረፊያው ወረፋ ደግሞ ፈንክሽኗን የሚቀሰቅሰው ያው ወረፋ መሆን የለበትም። ይህን የሚያደርጉም አሉ።)

በመጀመሪያው ዓመት ፍሬኑን ለማስነሳት የአማዞንን የድጋፍ ክፍል ማነጋገር ያስፈልግ ነበር። ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ባለቤቱ በራሱ ያደርገዋል። ፈንክሽኗ ገጽ ላይ “ኮንፊገሬሽን” የሚለው ውስጥ ገብቶ፣ “ኮንከረንሲ ኤንድ ሪከርሽን ዲቴክሽን” የሚለውን ከፍቶ፣ ዙር ይፈቀድ ብሎ ምልክት ያደርጋል። በኮድ ለሚሠራው ሁለት ቃል ነው ያለው። “ተርሚኔት” ካለ ይቁም፤ “አላው” ካለ ይቀጥል። ምንም ያልተጻፈበት ይቆማል።

ለባለሙያው ክብር ነው፤ ለእያንዳንዷ ፈንክሽን ለብቻ መሆኑም ጥሩ ነው። አንዷን ለመፍቀድ ሌላውን ሁሉ ማጋለጥ አያስፈልግም። የሚያሰጋው መቀያየሪያው የሚነካበት ሰዓት ነው። ማንም ሰው ረጋ ባለ ቀን ቁጭ ብሎ “ይህች ፈንክሽን ዙር ያስፈልጋታል” ብሎ አይወስንም። ሥራ ሲቆም ነው የሚነካው። ደንበኛ እየጮኸ፣ አለቃ እየደወለ፣ “ለጊዜው አላው አድርገው፣ ጠዋት እናየዋለን” ተብሎ። ሥራው ይቀጥላል፤ ሁሉም እፎይ ይላል፤ ጠዋት ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ልጅ ያችኑ ፈንክሽን ይከፍትና አንድ ተጨማሪ መቀስቀሻ ይቀጥልላታል። “አላው” እንደተጻፈ ነው። ልጁ አላየውም፤ የሚያየውም ምክንያት የለውም።

ለዚህ ነው “አላው” የተባለች ፈንክሽን መልእክቷ ውስጥ የራሷን ቁጥር መያዝ ያለባት። ቁራጭ 7 ከ40፣ ቁራጭ 8 ከ40። 41 ከመጣ ኮዱ ራሱ እምቢ ይላል። ላምዳ መቁጠር ሲያቆም መልእክቱ ይቆጥራል ማለት ነው፤ የጽሑፍ ሥራው አምስት መስመር አይሞላም።

መቀያየሪያውን ለመንካትም ለብቻው የሚሰጥና የሚከለከል ፈቃድ አለ፤ ስሙ “ፑት ፈንክሽን ሪከርሽን ኮንፊግ” ነው። ለሁለት ሰው ብቻ ሰጥቶ ለሌላው መከልከል ይቻላል። በብዙ ትንንሽ ቢሮዎች ግን ይህ ፈቃድ ያለው ማነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ “ሁሉም” ነው፤ ሥራው ሲጀመር ለመጣው ሁሉ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ተሰጥቶ ነበርና፣ ለልምምድ መጥቶ ለሄደው ተማሪም ጭምር።